ያለ እሳት፦ የጉበት ዕጢን በኤሌክትሪክና በድምፅ ስለ ማጥፋት



ጉበትን በእሳት ማከም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ የወፍ በሽታ ያዘው የተባለ ሰው፣ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወሰደው ክንዱን ወደሚተኩስለት አዋቂ ነው። የክንዱ ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ጉበቱ ግን ስለ ቃጠሎው የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ያነሣሁት አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ዘመናዊው ሕክምናም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የጉበትን ዕጢ ሲያጠፋ የኖረው በአብዛኛው በሙቀት ነው። እሳቱን ክንድ ላይ መተኮሱ ቀርቶ ዕጢው መሐል ድረስ አስገባው፤ ይኸው ነው። ዛሬ የምናወራው እሳቱን ትተው በሌላ መንገድ ስለሚሞክሩት ነው፤ በአልኮል፣ በኤሌክትሪክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በድምፅ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

በመጀመሪያ ለሙቀቱ ፍርድ እንስጠው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቀጭን መርፌ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመራ በቆዳ በኩል ይገባና ዕጢው ውስጥ ይተከላል። ጫፉ ላይ በራዲዮ ሞገድ ወይም በማይክሮዌቭ ሙቀት ይፈጠራል። ሥጋ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ወዲያው ይረጋል፤ ሕዋሱም አብሮ ይሞታል። ታማሚው ሆዱ ሳይከፈት፣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ኔዘርላንዳውያን ሐኪሞች የመሩት ኮሊዥን የተባለ ጥናት ከትልቁ አንጀት ወደ ጉበት የተሰራጩ፣ ከ3 ሴንቲሜትር የማይበልጡ ዕጢዎችን በቢላዋ ቆርጦ ማውጣትንና በሙቀት ማጥፋትን አወዳድሮ፣ ሙቀቱ በውጤት ከቢላዋው እንደማያንስ አሳይቷል። በታካሚው ላይ የሚያስከትለው ጣጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «ሙቀት ያለፈበት ነገር ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ችግሩ ያለው ጉበቱ ላይ ነው። ለበዓል ከቅርጫ የደረሰውን ጉበት በእጁ የከተፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከላይ ሲያዩት ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ሥጋ ይመስላል። ቢላዋው መሐሉ ሲደርስ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አንዱ ግድግዳው ስስ ሆኖ አፉን የከፈተ፣ ሌላው ነጣ ያለና ለጥርስ የሚያስቸግር ቱቦ፣ ከጎኑ ደግሞ ሐሞት የሚሄድበት ቀጭን መስመር። የሰው ጉበትም እንዲሁ ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሆኖ ደም ከሁለት ወገን ይመጣለታል፤ ሦስት አራተኛው ገደማ ከአንጀት በሚመጣው በፖርታል ቬን፣ ቀሪው ከልብ በሚመጣው የደም ቅዳ።

እንግዲህ ዕጢው ከእንዲህ ያለ ትልቅ የደም ሥር ጎን ተለጥፎ ቢገኝስ? መርፌው ያሞቃል፣ ደሙ ያቀዘቅዛል። ወፍራም በሆነ የደም ሥር ውስጥ የሚሮጠው ደም 37 ዲግሪ ሆኖ እየገባ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ በዚያ በኩል ያለው የዕጢው ጠርዝ ሳይበስል ይቀራል። ከወራት በኋላ ካንሰሩ የሚያንሰራራው ከዚያ ጠርዝ ነው። የሐሞት ቱቦ ደግሞ ተቃራኒ ጣጣ አለው። ሐሞት እንደ ደም አይሮጥም፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚያስወግድለት የለም፤ ቱቦው ይቃጠላል፣ ሲድን ይጠባል፣ ሐሞቱ ይታቆራል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። ደም ሥሮቹና የሐሞት ቱቦው አብረው የሚገቡበት የጉበት በር አጠገብ ያለ ዕጢ ለሐኪም ፈተና የሚሆነው ለዚህ ነው። ቢላዋም ይፈራዋል፣ እሳትም ይፈራዋል።

ዕጢ የሚገድል ነገር ሞልቷል፤ መርዙም፣ ጨረሩም፣ እሳቱም ይገድላል። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እመርጣለሁ፦ አዲስ ዘዴ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ዕጢው ከሞተ በኋላ ቦታው ላይ ቆሞ የሚቀረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጭቃ ቤት የሚፈርስበት ሁለት መንገድ አለ። እሳት ከለቀቃችሁበት ማገሩም ወጋግራውም አመድ ይሆናል። ጭቃውን ብቻ እየፈለጣችሁ ካራገፋችሁት ግን ማገሩ ቆሞ ይቀራል፤ በሌላ ቀን አዲስ ጭቃ ትመርጉበታላችሁ። በጉበት ውስጥ ማገሩ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ክር ነው፤ የደም ሥሮቹንና የሐሞት ቱቦዎቹን ግድግዳ ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ሕዋሳቱ ጭቃው ናቸው። ያለ ሙቀት የመጡት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ዘዴዎች ጭቃውን አራግፈው ማገሩን ለመተው የሚሞክሩ ናቸው።

ወደ እነሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን የመጀመሪያውን ያለ እሳት ዘዴ ላንሣ፤ አልኮልን። ጃፓናውያን ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ንጹሕ አልኮል በቀጭን መርፌ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ መርጨት ጀመሩ፤ ጣሊያኖች ወዲያው ተከተሏቸው። አልኮሉ ከሕዋሱ ውኃ ይመጥጣል፣ ፕሮቲኑን ያረጋል፣ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይደፍናል። የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ፣ መርፌ፣ አልኮልና የተካነ እጅ ነው። ከጉበቱ ከራሱ በተነሣ ካንሰር ላይ፣ በተለይ ጉበቱ በሲሮሲስ ጠባሳ ደንድኖ ዕጢው ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ፣ አልኮሉ በዕጢው ወሰን ውስጥ ተወስኖ ስለሚቀር ጥሩ ይሠራል። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ በመጣ ዕጢ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዕጢው ደረቅ፣ ጉበቱ ለስላሳ ስለሚሆን አልኮሉ ወደማይፈለግበት ይሸሻል። ራዲዮ ሞገድ ሲመጣ በንጽጽር ጥናቶች አልኮልን በለጠው፤ አልኮልም ወደ ጓዳ ተመለሰ።

እኔ በበኩሌ ይህ ጓዳ እንደገና መከፈት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልኮሉን ኤቲል ሴሉሎስ ከሚባል ርካሽ ነገር ጋር ቀላቅለውታል። ውህዱ በመርፌው ውስጥ ሳለ ፈሳሽ ነው፤ የሰውነት ውኃ ሲነካው ረግቶ ጄል ይሆንና ከተረጨበት አይሸሽም። በ2017 ባወጡት ሥራ በሃምስተር አይጦች ጉንጭ ላይ የበቀሉ ዕጢዎች በዚህ መንገድ ጠፍተዋል። የእንስሳ ሙከራ ነው፤ የሰው ጉበት ገና ሩቅ ነው። ሐሳቡ ግን የተነሣው ውድ መሣሪያ ለሌላቸው አገሮች ተብሎ ስለሆነ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ስለ ቅዝቃዜ ብዙ አልቆይም። ዕጢን እስከ በረዶ አቀዝቅዞ መግደል ለኩላሊትና ለፕሮስቴት ጠቅሟል። ለጉበት በ1980ዎቹና በ90ዎቹ በሰፊው ተሞከረ፤ ትልቅ የጉበት ክፍል ሲቀዘቅዝ ግን ደም መፍሰስና መላ ሰውነትን የሚያናጋ ከባድ መናወጥ ይከተል ስለነበር ሐኪሞቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

አሁን ኤሌክትሪክ።

በ1967 ሴልና ሃሚልተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እርሾና ባክቴሪያ ላይ እጅግ አጭር፣ እጅግ ብርቱ የኤሌክትሪክ ምት ሲለቁ ሕዋሳቱ ሞቱ። ቴርሞሜትሩን ሲያዩት ግን ያን ያህል የሞቀ ነገር የለም። ገዳዩ የኤሌክትሪኩ መስክ ራሱ ነበር። ነገሩ መጀመሪያ የምግብ ሰዎችን ሳበ፤ ዛሬ የድንች ቺፕስ ፋብሪካዎች ድንቹ ሳይሰባበር በቀላሉ እንዲቆረጥላቸው በዚሁ ምት ያለሰልሱታል።

በሕዋስ ደረጃ ምን ይሆናል? የሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ እጅግ ስስ ነገር ነው። ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያልፍበት በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሽንቁሮች ይከፈቱበታል። መስኩ መጠነኛ ከሆነ ሽንቁሮቹ መልሰው ይገጥማሉ፤ የባዮሎጂ ሰዎች ጂን ወደ ሕዋስ ለማስገባት የሚጠቀሙት ይህን ነው። ሉዊስ ሚር የተባለው ተመራማሪ በፓሪስ አቅራቢያ በጉስታቭ ሩሲ የካንሰር ተቋም የካንሰር መድኃኒት በእነዚህ ሽንቁሮች በኩል ወደ ዕጢ ሕዋስ የሚያስገባ ሕክምና ሲያዳብር ኖሯል። መስኩ ሲበረታ ግን ሽንቁሩ አይገጥምም። ሕዋሱ የውስጡን መጠበቅ አቅቶት በራሱ ጊዜ ይሞታል። በ2005 ራፋኤል ዳቫሎስ፣ ሉዊስ ሚርና ቦሪስ ሩቢንስኪ፣ ምቶቹ በሚገባ ከተለኩ ሥጋው ሳይቃጠል ትርጉም ያለው ስፋት ያለው ዕጢ በዚህ ብቻ ሊጠፋ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ሩቢንስኪ ከዚያ በፊት በቅዝቃዜ ሕክምና ስሙ የታወቀ ሰው ነው፤ ከበረዶ ወደ ኤሌክትሪክ መሻገሩ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዘዴው የማይቀለበስ ኤሌክትሮፖሬሽን ይባላል፤ በሆስፒታል የሚሠራበት ዋናው መሣሪያ ናኖናይፍ ነው። በዕጢው ዙሪያ ከሁለት እስከ ስድስት መርፌዎች ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ እኩል ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። አንዷ ዘመም ካለች መስኩ ይዛባል። በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል እስከ 3000 ቮልት የሚደርስ፣ አንዱ ከሰከንድ አሥር ሺሕኛ የማይበልጥ 90 ያህል ምት ይለቀቃል። ኤሌክትሪኩ ጡንቻን ስለሚያስፈነጥር ታካሚው ሙሉ ሰመመን ብቻ ሳይሆን ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ምቱም ልብ በምትመታበት ቅጽበት ላይ ተስተካክሎ ነው የሚለቀቀው፤ አለበለዚያ የልብ ምት ሊያናጋ ይችላል። ከመርፌዎቹ አጠገብ ጥቂት ሙቀት መፈጠሩም አይቀርም። ለማደንዘዣ ባለሙያው ሰላም የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ውጤቱስ? አምስተርዳም ላይ በተሠራው ኮልድፋየር 2 በተባለው ጥናት ለቢላዋም ለሙቀትም የማይመች ቦታ ላይ ዕጢ የነበረባቸው 51 ሰዎች ታከሙ። ዓመት ሲሞላ 68 በመቶ ያህሉ በታከመው ቦታ ላይ ዕጢ ሳያድግባቸው ቆይተዋል። ሕክምናው ያስከተለው ጣጣም ቀላል አልነበረም። ቁጥሩን ብቻውን ስታዩት ደስ አይል ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው መሆናቸውን አስቡ። ኤሌክትሪኩ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፤ እሳት በማይገባበት ጥግ።

ወደ ድምፅ ልለፍ። እውነቱን ለመናገር ይህን ርዕስ የመረጥኩት ለዚህ ክፍል ብዬ ነው።

አልትራሳውንድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነፍሰ ጡር እናት ሆዷ ላይ ጄል ተቀብቶ ሕፃኑ የሚታይበት ነው። ያን ድምፅ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ሥጋ ማቃጠል እንደሚቻል ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ፤ እሱም ቢሆን ግን መልሶ ሙቀት ነው። በአሜሪካ ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ኬይን የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር፦ ድምፅ ሳያሞቅ፣ በጉልበቱ ብቻ ሥጋን ሊሰባብር ይችላል? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዠን ሹ የተባለች ወጣት የዶክትሬት ተማሪ ይህን ጥያቄ ይዛ የአሳማ ልብ ላይ መሞከር ጀመረች። ያኔ የታሰበው ለካንሰር አልነበረም፤ ልባቸው ጉድለት ይዞ ለተወለዱ ሕፃናት ነበር። ሳይሳካላት ብዙ ቆየች። ከዚያ ቤተ ሙከራ የሚጋሯት ጓደኞቿ የመሣሪያው ጩኸት አላሠራን አለ ብለው አማረሩ። እሷም ጩኸቱ ከሰው ጆሮ እንዲያመልጥ ብላ ምቶቹን አፋጠነቻቸው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ልቡ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ አየች።

ሂስቶትሪፕሲ የሚባለው ዘዴ የተወለደው እንዲህ ነው። የጎረቤት አቤቱታ ለሳይንስ እንዲህ ሲጠቅም ብዙ አላየሁም።

በሥጋው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ከመሣሪያው የሚወጣው እያንዳንዱ ምት የሚቆየው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ነው። የድምፅ ሞገድ ሲሄድ ይገፋል፣ ይስባል። ሞገዱ አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ የሚስበው ክፍል እጅግ ይበረታና በሥጋው ውኃ ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ የጋዝ እንክብሎች ይነፋቸዋል። አረፋዎቹ በቅጽበት ያብጣሉ፣ በቅጽበት ይፈርጣሉ። በመካከላቸው የተያዘው ሕዋስ ይቦጫጨቃል። ቀጣዩ ምት እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከምቱ ዕድሜ በብዙ እጥፍ ስለሚረዝም ሙቀቱ ሳይጠራቀም ይበተናል። ዕጢው በዚህ መንገድ ተራ በተራ፣ ነጥብ በነጥብ ተዳርሶ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ውስጡ በሕይወት ያለ ሕዋስ አይቀርም። ሰውነት ይህን ፈሳሽ በሁለት ወር አካባቢ መጥጦ ያስወግደዋል፤ በቦታው ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። ማገሩ ያልኳችሁ ኮላጅን የበዛበት የደም ሥርና የሐሞት ቱቦ ግን ከሕዋስ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ለመሰባበር ብዙ ምት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአመዛኙ ይተርፋል። የሚሮጠው ደምም ሊያቀዘቅዘው የሚችለው ሙቀት የለም።

በሕክምናው ክፍል ውስጥ የሚታየው ደግሞ ይህ ነው። ታካሚው በሙሉ ሰመመን ተኝቷል። ሆዱ ላይ በስስ ላስቲክ የተያዘ ውኃ ተደርጓል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ ስለሚመክን ውኃው ድልድይ ይሆነዋል። ከላይ በሮቦት ክንድ የተያዘ ጎድጓዳ መሣሪያ ወርዶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የዕጢውን ወሰን ከነጠርዙ በክብ ይሰምራል። ምቱ ሲጀመር በአልትራሳውንዱ ምስል ላይ ጥቁሩ ዕጢ መሐል አንዲት ነጭ፣ የምትንቀጠቀጥ የአረፋ ደመና ትታያለች። ደመናዋ የት እንዳለች በዓይን ስለሚታይ ሐኪሙ የሚያጠፋውን እያየ ያጠፋል። ቆዳው ላይ ቀዳዳ የለም። ሥራው ሲያልቅ ሆዱን በፎጣ ማድረቅ ነው።

በሰው ጉበት ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ባርሴሎና ውስጥ በስምንት ሰዎች ላይ ተሠራ። ከዚያ ሆፕ ፎር ሊቨር የተባለው ጥናት በአሜሪካና በአውሮፓ 44 ሰዎችን አስገባ። ከተገመገሙት 44 ዕጢዎች በ42ቱ ላይ የታሰበው ቦታ ተሸፍኗል፤ 95 በመቶ ማለት ነው። ከባድ ችግር የደረሰባቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚህ መነሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በጥቅምት 2023 መሣሪያው የጉበት ዕጢን ለማጥፋት እንዲሸጥ ፈቀደ። በ2025 አምራቹ ሂስቶሶኒክስ፣ ጄፍ ቤዞስ ላሉበት የባለሀብቶች ቡድን 2.25 ቢሊዮን ዶላር በሚያወጣ ስምምነት ተሸጠ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው አደንብሩክስ ሆስፒታልም መሣሪያውን በስጦታ አገኘ።

ገንዘብ እንዲህ ሲጎርፍ ጆሮን ቀጥ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል። የአሜሪካው ባለሥልጣን የሰጠው ፈቃድ ራሱ መሣሪያው ማንኛውንም በሽታ፣ ካንሰርንም ጭምር፣ በማከም ረገድ እንዳልተገመገመ ይናገራል። ይህ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተረጋገጠው «የሰመርነውን ሥጋ ማጥፋት እንችላለን» የሚለው ነው። «ታካሚው ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረ» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ለመመለስ ከሙቀቱ ወይም ከቢላዋው ጋር በዕጣ የተመደበ ንጽጽር ያስፈልጋል። በሆፕ ፎር ሊቨር ጥናት ዓመት ሲሞላ የታየውን እንኳ ውሰዱ። በመጀመሪያ በታቀደው የግምገማ ስልት ዕጢው በታከመበት ቦታ የተገታው 63 በመቶ ላይ ነው፤ በኋላ በሌላ ስልት ምስሎቹ እንደገና ሲነበቡ 90 በመቶ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ቁጥር ማሳወቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ሁለተኛውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ግን አይጠፋም።

የድምፁም መንገድ ወሰን አለው። ሳንባና አንጀት ውስጥ ያለ አየር ያግደዋል፤ የጎድን አጥንት ይጋርደዋል፤ ጉበት ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ዒላማው ይንቀሳቀሳል። በአልትራሳውንድ የማይታይ ዕጢ በዚህ ዘዴ አይነካም።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ነገር አለ፦ ዕጢው ሲሰባበር ካንሰሩን በሰውነት ውስጥ አይበትነውም ወይ? ተገቢ ፍርሃት ነው። የሚሺገን ተመራማሪዎች በአይጦች ጉበት ላይ ዕጢ አብቅለው ሆን ብለው ከፊሉን ብቻ ሰባበሩት። ከ11ዱ አይጦች በዘጠኙ የተቀረው ዕጢ ጭምር ጠፋ፤ ሥርጭትም አልታየባቸውም። ያልታከሙት ግን ሁሉም ከፋባቸው። ማብራሪያ ተደርጎ የሚቀርበው፣ ሙቀት የካንሰሩን ፕሮቲኖች ሲያበስላቸው አረፋው ግን ሳይለወጡ ስለሚበትናቸው የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ፊት ለፊት አይቶ ይለየዋል የሚል ነው። ሐሳቡ ልብ ያሞቃል። የአይጥ ካንሰር ግን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዳነ፣ የሰውስ ስንት ጊዜ እንዳልዳነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሰው ላይ አልፎ አልፎ የታየ ምልክት አለ፤ ከምልክት ግን አላለፈም።

እስካሁን ስለ ሚሺገንና ስለ አምስተርዳም ሳወራ «እኛስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕጢው ትንሽ ሳለ ነው፤ ሦስት ሴንቲሜትር አካባቢ። በ2022 በዓለም 866 ሺሕ ያህል ሰው አዲስ የጉበት ካንሰር እንዳለበት ተነግሮታል፤ በዚያው ዓመት 758 ሺሕ ያህል ሰው በዚሁ በሽታ ሞቷል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው በሽታው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደረስበት ይናገራል። በአገራችን የሚመጣው ታማሚ ብዙውን ጊዜ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ከስቶ፣ ዕጢው የጉበቱን እኩሌታ ይዞ ነው። እንዲህ ላለው ሰው አዳራሹን የሞላ የሂስቶትሪፕሲ መሣሪያ ቢደረደርለት አይጠቅመውም።

ምንጩን እናውቀዋለን። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተሸካሚ ነው። ብዙዎቹ ቫይረሱን የወሰዱት ሲወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሳያማቸው ይኖራሉ። በእርጥበት በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በሽታ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አንዱ ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለዱት ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን ካልተመረመርን አናውቅም። ቫይረሱ ያለበትና ጉበቱ የተጎዳ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። አልትራሳውንድ በዞን ሆስፒታል አለ፤ ሁለት ሴንቲሜትር የሆነችን ዕጢ ለይቶ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ነው የሚያጥረን። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ብር የማወጣው ለዚያ ዓይን ነው፤ ሁለተኛውን ለአልኮሉና ለመርፌው፤ የኤሌክትሪኩና የድምፁ መሣሪያ ተራ ይጠብቅ።

ቤተሰቡን ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚልክ፣ ወይም አሜሪካና አውሮፓ ያለ ዘመዱ «ያለ ቢላዋ፣ ያለ እሳት የሚያጠፋ መሣሪያ አለ» ብሎ የደወለለት ሰው በመካከላችሁ ይኖራል። ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት። ካንሰሩ ከጉበቱ የተነሣ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የመጣ? ዕጢዎቹ ስንት ናቸው፣ ትልቁ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ከጉበቱ ውጭስ አለ? ተራው የሙቀት ዘዴ ለዚህ ዕጢ የማይሆነው ለምንድን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «ከሐሞት ቱቦው አጠገብ ነው» ወይም «ትልቅ የደም ሥር ጎን ነው» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ አገባብ አለው። «ይህ አዲስ ስለሆነ» የሚል ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ከሕክምናው በኋላ በየሦስት ወሩ ማን፣ በምን ምስል እንደሚከታተለውም አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ አገር ቤት ሲመለስ ፋይሉን የሚያነብለት ሰው ካላገኘ የወጣው ገንዘብ ግማሹ ባከነ ማለት ነው።

በሆፕ ፎር ሊቨር የታከሙት ሰዎች አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ክትትል ይደረግላቸዋል። ስለ ድምፁ ዛሬ የሰጠሁት አስተያየት የሚጸናው ወይም የሚሻረው በዚያ ውጤት ነው። አሁን እናንተ ጠይቁኝ።